ጠቅ ብላ የምትቀረው ሃይሉክስ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ውርጩ የፊት መስታወቱን ነጭ አድርጎታል። ቁልፉን አዞርኩ፤ ጠቅ። ደገምኩ፤ ጠቅ። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ንቅንቅ አላለም። ወተቱ ጫጫ (ከእኛ ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ ያለች ከተማ) መንገድ ዳር ቢዶን ሙሉ ሆኖ እየጠበቀኝ ነው፤ ወተት ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ከጠጅ ቤት የሚመለሱ ሦስት ጎረምሶች ለምኜ ቁልቁለቱ ላይ በግፊ፣ በሁለተኛ ማርሽ አስነሳኋት።

መኪናዋን ለማያውቋት፦ ቶዮታ ሃይሉክስ ኤል ኤን 106፣ ደብል ጋቢና፣ 3ኤል የናፍጣ ሞተር፣ 2,779 ሲሲ። በፈረንጆቹ 1992 የተሠራች፣ ከአባቴ የወረስኳት። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የላትም። ለመነሳት ከኤሌክትሪክ የምትፈልገው አራት ነገር ብቻ ነው፤ ባትሪ፣ ሞተሪኖ፣ ሲሊንደር የሚያሞቁ ካንዴሌታዎች፣ ናፍጣውን የሚከፍተው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት)። አንዴ ከተነሳች በኋላ ሶሌኖይዱ እስካልተቋረጠ ድረስ ባትሪውን ብትነቅሉት እንኳ አትጠፋም (አትንቀሉት፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ላይ ግፍ ነው)።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ኮፈኑን እንኳ ሳላነሳ ፈረዱ፦ «ባትሪ ነው ልጄ። ለውጠህ ተገላገል።»

ባትሪው 70 አምፔር ነው፣ ከተገዛ ስምንት ወሩ። በቴስተር ለካሁት፤ ምንም ሳይነካ 12.2 ቮልት። ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ማሳየት አለበት፤ ስለዚህ የጋሼ ነገር ጨርሶ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ብርድ ደግሞ አለ፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ባትሪ ከአቅሙ እስከ ሲሶ ያጣል። ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። የፊት መብራቱን አብርቼ፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን እያየሁ ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለ። መብራቱ ቅንጣት አልደበዘዘም።

ይህ ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። የናፍጣ ሞተሪኖ ሲሽከረከር ከ200 አምፔር በላይ ይስባል። ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ሊጠፋ ይደርስ ነበር። ካልደበዘዘ ግን ማንም ምንም አልሳበም፤ ማለትም ኃይሉ ባትሪው ውስጥ ተቀምጧል፣ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም። የተዘጋ መንገድ አለ ማለት ነው።

ባትሪ አልገዛም። ቢያንስ ሳልለካ አልገዛም።

ኅዳር 14፣ እሁድ

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። የወተት ገበያ ይቀዘቅዛልና ለመኪናዋ ጊዜ አገኘሁ።

ከቅዳሴ መልስ የባትሪውን ሞርሴቶዎች (የኬብል ማሰሪያዎቹን) ፈታሁ። አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ለብሰዋል። በፈላ ውሃ አጠብኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈግኩ። ከፖዘቲቩ የሚነሳውን ሽቦ ሳይ ግን ደነገጥኩ። እዚያ ቦታ ፋብሪካው የሚያደርገው፣ መስመር ሲነካካ ቀድሞ የሚቀልጥ የፊውዝ ሽቦ ነው። የሆነ ኤሌትሪሺስታ ቆርጦ የቤት መብራት ሽቦ ቀጥሎበታል፣ በፕላስተር ጠቅልሎ። እንግዲህ እዚህ መኪና ላይ አንድ ሽቦ ሻንሲ (የመኪናዋን ዋና ብረት) ቢነካ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን ጋቢናው ነው። ስንት ዓመት ቤተሰቤን ይዤ እንደሄድኩባት አሰብኩና ዝም አልኩ። ትክክለኛውን እስካገኝ መኪናዋን ሳቆም የባትሪውን ኔጌቲቭ እነቅላለሁ።

ከዚያ ወደ ልኬቱ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጥሩ ኬብል በሁለት ጫፉ መካከል ቮልት አይበላም። የበላ ከሆነ ታሟል። ግን ይህ የሚታየው ብዙ አምፔር ሲያልፍበት ብቻ ነው። ጠቅ ብላ በቀረችበት ሰዓት ብትለኩ ሁሉም ኬብል ጤነኛ ይመስላል፣ ምክንያቱም የሚያልፍ የለም። ስለዚህ ስትዞር ነው መለካት። ሞተሩ ተነስቶ እንዳያስቸግረን የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ ሽቦ ነቀልኩ፣ የእህቴን ልጅ ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩ።

«አዙር ስልህ አዙር፣ በቃ ስልህ ልቀቅ። ከአምስት ሰከንድ በላይ እንዳትይዝ።»

በአራተኛው ሙከራ ዞረች፤ እየጎተተች፣ እንደተኛ በሬ። ባትሪው ላይ 10.1 ቮልት፤ ደህና ነው። ከፖዘቲቭ ፖል እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን 0.25፤ ይሁን። ከኔጌቲቭ ፖል እስከ ሞተር ብሎኩ 0.9 ቮልት። አይሆንም! ከ0.3 ማለፍ አልነበረበትም። ባትሪው 10.1 እየሰጠ ሞተሪኖው ዘጠኝ እንኳ አይደርሰውም።

የማሳው ኬብል፣ ማለትም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው፣ ሞተሩን የሚነካበት ጋ ወረድኩ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲወርድ ቀለም ተቀብቷል፤ ኬብሉን የመለሰው ሰው በቀለሙ ላይ ነው ያሰረው። በዓመታት ውስጥ ቀለም፣ ዘይትና ዝገት ተጋግረዋል። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቅሁ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ጨምሬ አጠበቅሁ፣ ከላይ ግሪስ ቀባሁ። ከሻንሲው ጋር የሚያያዘውንም እንደዚያው። ደግሜ ለካሁ፤ 0.12። አዟዟሯ ተለወጠ፣ እንደ አዲስ።

ደስ ብሎኝ ላስነሳት ሞከርኩ። ትዞራለች፣ አትነሳም። ትዞራለች፣ አትነሳም። ናፍጣ አየኩ፣ ፊልትሮ አየኩ፣ በእጅ ፓምፕ ደጋግሜ ገፋሁ። ሩብ ሰዓት ከለፋሁ በኋላ የእህቴ ልጅ፣ «አጎቴ፣ ያቺ የነቀልካት ሽቦስ?» አለ።

ሰካኋት። ቁልፉ ሲከፈት ፖምፓው ላይ ትንሽ ቲክ ተሰማ፣ ተነሳች። ያቺን ቲክ ልብ በሏት፤ ሞተር እየዞረ የማይነሳ ከሆነ መጀመሪያ የማዳምጠው እሷን ነው።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ሁለት ጠዋት በሰላም ተነሳች። ጋሼን መንገድ ላይ አግኝቼ «ማሳ ነበር» ብዬ ተኩራራሁ። ዛሬ ጠቅ።

ማሳው በእርግጥ ታሞ ነበር፣ ግን የጠቅታው ባለቤት እሱ አልነበረም። ሁለት በሽታ ተደራርቦ አንዱን አክሜ ጨረስኩ ብያለሁ።

አሁን ደግሞ ጥሩ ጊዜ ነው፤ በሽታው ላይ እያለች ያዝኳት። መኪናዋ ሥር ተኝቼ፣ የእህቴ ልጅ ቁልፉን ይዞ፣ ሞተሪኖው ላይ ሦስት ቦታ ለካሁ። ወፍራሙ የባትሪ ኬብል የሚገባበት፦ 12.1። ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ፦ 11.4። ይህም ጥሩ ነው፤ ቁልፉ ትእዛዙን እያደረሰ ነው፣ ጠቅታውም የዚያ ምስክር ነው። ሦስተኛው፣ ከሞተሪኖው ከራሱ ሶሌኖይድ (ከናፍጣው ሌላ ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ዘሎ ባትሪውን ከሞተሪኖው ጋር የሚያገናኘው) ወጥቶ ወደ ሞተሪኖው ሆድ የሚገባው፦ 0.0።

በሩ ድረስ 12 ቮልት መጥቷል፤ ከበሩ ወዲያ ባዶ። ሶሌኖይዱ ይዘላል፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን አይነካካም።

ቁልፉን አሥር ጊዜ ስታዞሩ አንዱ ላይ የሚሳካው ለምን እንደሆነም ገባኝ። ውስጥ ያለችው የመዳብ ሳህን በዘንጓ ላይ ትሽከረከራለች፤ በየጠቅታው ትንሽ ትዞርና ያልተበላ ጎኗ ሲደርስ ትነካለች። ዕጣ ነው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሞተሪኖውን አወረድኩ። በመጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል። ይህን የምለው ወፍራሙ ኬብል ሁልጊዜ ኃይል ስላለው ነው፤ ፊውዝ የለውም፣ ቁልፍ ተዘጋ አልተዘጋ አይመለከተውም። መፍቻ ከእሱ ወደ ሻንሲ ከነካ ብየዳ ነው። ሞተሪኖውን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ የታችኛው ወዲያው፣ የላይኛው ግን አንድ ሰዓትና የአውራ ጣቴን ቆዳ ወሰደ።

የሶሌኖይዱን ክዳን ሦስት ትንንሽ ብሎኖች ይዘውታል። ከፈትኩት። ጥቁር ዱቄት፣ የተቃጠለ መዳብ ሽታ። ግራና ቀኝ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ፣ እንደታጠፈ ክርን የሆኑ። አንዱ ደህና ነው። ሌላው፣ የባትሪው ኬብል የሚገባበት ወገን ያለው፣ ተበልቶ ተበልቶ የወረቀት ውፍረት ቀርቶታል፤ ጠርዙ ቀልጦ ወደ ታች ተንጠባጥቧል። ዘንጓ ላይ ያለችው ሳህንም ክብ ቦይ ሠርታለች። በጥፍሬ ስነካት ቦዩ ውስጥ ገባ።

ሳህኑ ወደ ፊት ዘሎ ያንን ቀጭን መዳብ ሊደርስበት አልቻለም። አንድ ሚሊሜትር ያህል ነገር ነው ሌሊት ያስለመነኝ።

ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሳልፉትን ካርቦኖች አየሁ፣ ገና ረጃጅም ናቸው። ጥርሱም ደህና። እዚህ ያለ አንድ ጋራዥ «ሙሉ ሞተሪኖ ለውጥ፣ ይሄ አይሠራም» አለኝ። የመዳብ ቁራጮቹ ግን ለብቻቸው ይሸጣሉ። አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚሄድ ዘመድ ነበረኝ፤ የድሮውን በላስቲክ ጠቅልዬ ለናሙና ላክሁለት፣ የፊውዝ ሽቦውንም ጨመርኩበት። ናሙና ሳትልኩ በስም ብቻ አትዘዙ፤ አንዱ መዳብ ከሌላው በግማሽ ሳንቲ ሜትር ይለያል፣ ሳይገጥም መመለስም 130 ኪሎ ሜትር ነው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ዕቃው ደረሰ። ሁለት መዳብና አንድ ዘንግ ከነሳህኗ፤ ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ።

ገጠምኩ። ሁለቱ መዳቦች እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከፍ ካለ ሳህኗ አዘንብላ ትነካለች፣ ያኔም አዲሱ በወር ውስጥ ይበላል። ሳህኗን በላያቸው አስቀምጬ በብርሃን አየሁ፣ አንዱን ትንሽ ፈታ አድርጌ ገፋሁ፣ አጠበቅሁ። ሞተሪኖውን መኪናዋ ላይ ሳልሰቅል መሬት ላይ በእግሬ ረግጬ ከባትሪው ጋር በኬብል ሞከርኩት። ረግጣችሁ ያዙት፤ ሲነሳ ይዘላል።

ሰቀልኩ። የፊውዝ ሽቦውንም በትክክለኛው ተካሁ፤ የቤት መብራት ሽቦው ጋራዥ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ ለማስታወሻ።

ሃያ ጊዜ አዞርኩ። ሃያውንም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ሞተሪኖው አሁን እንደ እሳት ነው፤ ግን ጠዋት ጠዋት ለረጅም ጊዜ ዞራ ነው የምትነሳው፣ ስትነሳም ትንቀጠቀጣለች፣ ግቢው በነጭ ጭስ ይሞላል። ደቂቃ ቆይታ ትስተካከላለች። ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ብርዱ ተጨምሮበት ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ በቂ ሙቀት አያገኝም። እዚህ ካንዴሌታ ቅንጦት አይደለም።

የማሞቂያው ሰዓት ቆጣሪ ከረጅም ዓመት በፊት ሞቷል። አባቴ በጊዜው ዳሽቦርዱ ሥር የደወል በተን አስገጥመውበት ነበር። ተጭነው ይይዙና አባታችን ሆይን ይጀምራሉ፤ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ሲደርሱ ይለቃሉ፣ ቁልፉን ያዞራሉ። ልክ አሥር ሰከንድ ያህል ነው። እኔ ቸኩዬ «ስምህ ይቀደስ» ላይ የምለቅበት ጊዜ አለ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እየተጫንኩ ስልክ አወራለሁ። ካንዴሌታን የሚያቃጥለው ይህኛው ነው።

አራቱን የሚያገናኘውን ብረት ፈትቼ እያንዳንዱን ለየብቻ ለካሁ። ብረቱን ሳትፈቱ ብትለኩ አንዱ ደህና የሞቱትን ይሸፍንላቸዋል። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አነካክቼ 0.3 ኦም አነበብኩ፤ ያ የራሱ የገመዱ ስለሆነ ይቀነሳል። ከዚያ፦ አንደኛው 1.1፣ ሁለተኛው ላይ ቴስተሩ ያቺን ብቸኛ «1» (መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው) አሳይቶ ቀረ፣ ሦስተኛው 1.2፣ አራተኛው እንደገና ብቸኛዋ «1»። ሁለቱ ሞተዋል።

ዙሪያቸውን ናፍጣ አርከፍክፌ ቆየሁ፣ ሞተሩን አሙቄ ቀስ እያልኩ ፈታሁ። እዚህ ላይ ጉልበት አያስፈልግም፤ ካንዴሌታ ተሰብሮ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ከቀረ ወጪው ሌላ ነው። አራቱንም ቀየርኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አመጣልኝ፤ የ6 ቮልትና የ12 ቮልት። ቅርጻቸው አንድ ነው። የ6 ቮልቱን በቀጥታ 12 ላይ ከያዛችሁት ደቂቃ ሳይሞላ ይሄዳል። የእኔ በተን ባትሪውን በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) በቀጥታ ስለሚያገናኝ የ12ቱን ወሰድኩ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ወተቱ ስለቀነሰ ሁለት ቀን ቆማ ነበር። ዛሬ ባትሪው 12.0። እየነቀልኩ ሳቆም ያልታየ ነገር፣ የፊውዝ ሽቦው ከተተካ በኋላ መንቀሉን ስተወው ወጣ። የሆነ ነገር ሌሊት ሌሊት ይጠጣል።

ቴስተሩን ወደ አምፔር ቀይሬ በኔጌቲቭ ኬብሉና በፖሉ መካከል አስገባሁ፤ የሚያልፈው ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ እንዲያልፍ። 0.38 አምፔር። ከ0.05 በታች መሆን ነበረበት። ትንሽ ይመስላል፤ በ24 ሰዓት ሲባዛ ግን ዘጠኝ አምፔር-ሰዓት ነው። ባለ 70 ባትሪን በአራት ቀን ግማሽ ያደርሰዋል።

ይህን እያሰላሁ ሳለ የእህቴ ልጅ፣ እንደለመደው ሊረዳኝ፣ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቴስተሩ ውስጥ ጢስ የለም፣ ድምፅ የለም፤ ዝም አለ። የቴስተሩ ፊውዝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቁልፉን ኪሴ ማድረግ ነበረብኝ። ፊውዝ ስፈልግ ቀኑ መሸ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ፊውዞችን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሬዲዮ፣ የለም። የውስጥ መብራት፣ የለም። ጡሩምባ፣ የለም። ሁሉም ወጥተው ቁጥሩ 0.38 ላይ ቆሟል። እንግዲህ የሚጠጣው በፊውዝ ሳጥኑ በኩል አያልፍም።

ዲናሞውን በእጄ ነካሁት። ሌሊቱን ሙሉ በውርጭ ያደረ መኪና፣ ሁሉ ብረቱ እጅ ይቆርጣል፤ የዲናሞው ጀርባ ለብ ብሏል። ወፍራሙን ሽቦውን ፈታሁ፤ ቴስተሩ ወደ 0.03 ወረደ። ያው ሌባው። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወደ ባትሪው ብቻ ማሳለፍ ሲገባቸው አንዱ ወደ ኋላ ያፈሳል። ሞተሩን አስነስቼም አረጋገጥኩ፤ ቻርጁ 13.6 ነው፣ ዝቅ ያለ፤ ቴስተሩን ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ስቀይረው ባትሪው ላይ 0.6 ቮልት ይነበባል። ጤነኛ ዲናሞ እዚህ ጋ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

የዚህ ሞተር ዲናሞ ከኋላው የፍሬን ቫኩም ፓምፕ ተሸክሟል፤ ፓምፑ ደግሞ ከሞተሩ ዘይት በቱቦ ይቀበላል። ስፈታው ምክንያቱ ታየ፤ የፓምፑ ዘይት ማቆሚያ ጎማ ደርቆ ዘይት ወደ ዲናሞው ውስጥ ገብቷል። የዳዮዱ ሳህን፣ ካርቦኖቹ፣ ሁሉም በጥቁር ጭቃ ተለስነዋል። ዳዮድ ብቻ ቀይሬ ብመልሰው በስድስት ወር ተመልሼ እዚሁ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ዲናሞ ሠሪው የዳዮዱን ሳህንና ካርቦኖቹን ቀየረ፣ እኔ ጎማውን አስቀየርኩ። ስመልሰው ፓምፑ ውስጥ ትንሽ ዘይት ጨመርኩ፣ ደረቁን እንዳይዞር። ካስነሳኋት በኋላ ከግቢ ሳልወጣ ፍሬኑን ደጋግሜ ረገጥኩ። መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ ትንሽ ቆይቶ ለሰለሰ። ይህን ሳታዩ ቁልቁለት እንዳትወርዱ።

ቻርጅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 14.1፣ መብራት ሲበራ 13.9። ኤሲው 0.04።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ሦስት ሌሊት ሆን ብዬ ሳልነካት፣ ባትሪውን ሳልነቅል አሳደርኳት። ዛሬ 11 ሰዓት ላይ 12.5 ቮልት። በተኑን ተጫንኩ፣ «የዕለት እንጀራችንን» ደረስኩ፣ ለቀቅሁ፣ አዞርኩ። ግማሽ ዙር እንኳ የሞላች አይመስለኝም።

ጋሼ ድምፁን ሰምተው ጋቢያቸውን ተከናንበው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ገዛኸው አይደል ባትሪውን?»

«ያው የድሮው ነው ጋሼ።»

«ተወኝ እባክህ!» ብለው መጥተው ኮፈኑን ራሳቸው አነሱት። ባትሪው ላይ በማርከር የተጻፈውን የመጋቢት ወር ቀን በእጅ ባትሪያቸው አብርተው አነበቡ። ምንም አላሉም፤ የማሳውን ኬብል ያዝ አድርገው ወዘወዙ፣ አልነቃነቅ አላቸው።

የቀረ ሥራ፦ ፍሬን ስረግጥ የግራ ኋላ ፍሬቻ አብሮ ፈዘዝ ብሎ ይበራል። የኋላ መብራቱ ማሳ ይመስለኛል። ብርጭቆ ወረቀቱ አልቋል፤ ሰኞ እገዛለሁ።